የፈረስ ስም በነዳጅ ታንክ ላይ

ዛሬ ስለ ግጥም ልጽፍላችሁ ነበር የተቀመጥኩት። ይሁን እንጂ ገና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ከመስኮቴ ሥር ያለው ኮምፕረሰር እንደ ልማዱ መጮኽ ጀመረና ሐሳቤን ወሰደብኝ። ስለዚህ ስለ እርሱ እጽፋለሁ። ምናልባት ያው ስለ ግጥም መጻፌ ይሆናል።

የምኖረው ነፋስ ስልክ ነው። አባቶቻችን ሽቦ የሌለውን የመልእክት መሣሪያ ባዩ ጊዜ «የነፋስ ስልክ» አሉት፤ ስያሜውም በሰፈራችን ላይ ቀረ። ሁለት ተራ ቃላት ተጋብተው ይህን ያህል የሚያምር ስም መውለዳቸው ዛሬም ይገርመኛል። ስሙን ለቀለም ጣሳ ያዋሰው ፋብሪካም የተተከለው እዚሁ ነው። በእንዲህ ያለ ሰፈር የሚኖር ሰው ስለ ቀለም ቢጽፍ አይፈረድበትም።

ግቢያችን ውስጥ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለች። የተከራያት ወጣት የሞተር ሳይክል አካላትን እየፈታ ቀለም ይቀባል፤ የነዳጅ ታንክ፣ ፓራፋንጎ፣ የጎን ሽፋን፣ አንዳንዴም የራስ ቁር። ኮምፕረሰሩን የሠራው ከአሮጌ ፍሪጅ በነቀለው ሞተር ነው። ማድረቂያ ክፍል የለውም፤ የቀባውን ሁሉ በልብስ መስጫው ሽቦ ላይ ያንጠለጥላል። ከሥራ ስመለስ በእትዬ ነጠላና በእኔ ሸሚዝ መካከል ቀይ የነዳጅ ታንክ ተሰቅሎ ማየት የዘወትር ነገር ነው።

መናዘዝ ያለብኝ ነገር አለ። በመጣ ሰሞን እንዲባረር የጠየቅሁት እኔ ነኝ። የቲነሩ ሽታ ከሸሚዜ አልፎ ባንክ ድረስ ይከተለኛል፣ ጩኸቱም መጻፍ ከለከለኝ ብዬ ለአከራያችን አቤት አልኩ። እትዬ ቡናቸውን እየቆሉ ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ያንተ መብራት እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲቆጥር እኔ ዝም ብያለሁ። የርሱን ሽታ ደግሞ አንተ ዝም በል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የምለው አልነበረኝም። ዝም ማለት ሲበዛ ደግሞ ማየት ይመጣል፤ እኔም በመስኮቴ ማየት ጀመርኩ።

መጀመሪያ ያየሁት ቀለም ቅብ ከምንለው ሥራ ውስጥ የሚበዛው ቀለም የሌለበት መሆኑን ነው። ታንኩን አጥቦ ነዳጁን ከነእንፋሎቱ ያወጣል፤ ባዶ የሚመስል ታንክ ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው፣ የሚፈነዳው እንፋሎቱ ነውና። ከዚያ የድሮውን ቀለም እስከ ላሜራው ይፍቃል። የተጨረመተውን በስቱኮ ይሞላል፣ ይጠብቃል፣ በሸካራ የብርጭቆ ወረቀት ይሞርዳል፣ እንደገና ይሞላል፣ አሁን ደግሞ በለዘበ ወረቀትና በውሃ ይሞርዳል። ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ይዳብሰዋል። «ዓይን ይዋሻል፣ እጅ አይዋሽም» ይላል። የታች ቀለሙ፣ ዋናው ቀለም፣ በመጨረሻም እንደ መስታወት የሚያበራው ፈርኒሽ የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መርጫውን ከላሜራው አንድ ስንዝር ያህል ያርቃል። ከቀረበ ቀለሙ ይንጠባጠባል፤ ከራቀ ደግሞ አየር ላይ ደርቆ እንደ አሸዋ ይሻክራል። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ እርጥበቱ ቀለሙ ላይ ነጭ ጉም ያለብስበታል፤ ክረምት ለቀለም ቀቢ የጾም ወራት ነው። (እዚህ ላይ ሰምና ወርቅን እንዳላነሳ ራሴን በብርቱ እየከለከልኩ ነው።)

የሚሠራበት ቋንቋም አለ። ስቱኮ፣ ላሜራ፣ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታ፤ ሁሉም ከጣሊያን የመጡ ናቸው። የባዕድ ቃል ሲገባ ቋንቋችን ጠፋ ብለን የምንጮኽ ሰዎች ወደ ጋራዥ ብንሄድ ጥሩ ነበር። ወራሪው ተባረረ፤ ቃሉ ግን የላብ አደሩ ሆኖ ቀረ። ዛሬ «ፓራፋንጎ»ን ጣሊያንኛ ነው ብሎ የሚያስብ የጋራዥ ልጅ አላጋጠመኝም።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን «ቀለም» የሚለው የራሳችን ቃል ነው። ቀለም የግድግዳው ነው፤ ቀለም የብዕሩ ነው፤ ትምህርትንም የቀለም ትምህርት እንለዋለን። የግጥም ምጣኔ ስንቆጥርም የምንቆጥረው ቀለም ነው፤ ሰንጎ መገን አምስት አምስት፣ የወል ቤት ስድስት ስድስት እያልን። እኔ ከመስኮቱ በላይ ቀለም ስቆጥር፣ እርሱ ከመስኮቱ በታች ቀለም ሲቀምም፣ ሁለታችንም ሥራችንን በአንድ ስም እየጠራን ሁለት ዓመት ሙሉ ሳንተዋወቅ ኖርን።

አንድ ቀን ጠራኝ። «ጋሼ፣ አንተ ገጣሚ ነህ ይላሉ። አንድ ነገር ጻፍልን።» (በዕድሜ የምበልጠው ቢበዛ በስምንት ዓመት ነው፤ «ጋሼ» ያስባለኝ ከረባቱ ይመስለኛል።) ዕቃ በማድረስ የሚተዳደር ወጣት አሮጌ ያማሃ አምጥቶ ኖሯል። ታንኩ በአንድ ጎኑ ተጨርምቶ ነበር፤ አሁን ተስተካክሎ ጥቁር ሰማያዊ ተቀብቷል። ባለቤቱ የሚጻፍበት ነገር ይፈልጋል። ሁለት ሌሊት ሠራሁ። በሰንጎ መገን የሚከተለውን ሰጠሁ፦

ነፋስን ጭኜ ማለዳ ስበር፣
ደመና ቀረ ከተራራው በር።

ቀለም ቀቢው አነበበው። «ያምራል ጋሼ። ግን ረዘመ። ቀይ መብራት ላይ አንብበው ሳይጨርሱት አረንጓዴው ይበራል» አለ። እኔ አጥብቄ ያዝኩ፤ እርሱም ትልቅ ሰው ላለማስቀየም በጥንቃቄ ጻፈው። ባለ ሞተሩ መጣ፣ ዞሮ ዞሮ አየው፣ ዝም አለ፣ በመጨረሻም በትሕትና ጠየቀ፦ «ደመናው ምንድን ነው?»

በማግሥቱ ግጥሜ በብርጭቆ ወረቀት ተፋቀ። ግጥም ሲመለስብኝ የመጀመሪያዬ አይደለም፤ ውሃ እየፈሰሰበት ሲሞረድ ግን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ሦስት ቀን ሰላምታ ነፈግኋቸው። በአራተኛው ቀን ኩርፊያዬን አሸንፌ ስወጣ ታንኩ ሽቦው ላይ ተሰቅሎ ነበር። በጎንና በጎኑ ምንም ጽሑፍ የለበትም። የጻፈው ከላይ ነው፣ ከነዳጅ ክዳኑ ዝቅ ብሎ፣ በትንንሽ ነጫጭ ፊደላት፣ ወደ ነጂው ዞሮ፦ «በሰላም ግባ»። እናቱ በየማለዳው በር ላይ ቆማ የምትለው ነው።

መንገደኛ አያነበውም። ትራፊክ ፖሊስም አያነበውም። የተጻፈው ለአንድ አንባቢ ነው፤ እርሱም ጎንበስ ባለ ቁጥር ያነበዋል። እኛ የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች አንባቢ ጠፋ እያልን ስንት መድረክ ላይ አለቀስን! እዚህ ግን ለሁለት ቃል ከዕለት ገቢው ከፍሎ በየቀኑ የሚያነብ ሰው አለ። የቃሉን ቦታ ያገኘለት ደግሞ እኔ ሳልሆን ቀለም ቀቢው ነው። ከጎን ይልቅ ከላይ መጻፍ እንዳለበት ማወቅ፣ ልበ ሰፊ ሆኜ ልናገርና፣ ከእኔ ደመና የሚበልጥ የግጥም ዕውቀት ነው።

ይህን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ስነግረው ሳቀብኝ። «ሞተር ማስጌጥ የወረት ነው፤ ዋጋ አይጨምርም» አለ። እውነቱን ነው፤ የንብረት ግምት ቅጻችን የስሪት ዘመን፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ይጠይቃል እንጂ እናት በር ላይ የምትለውን የሚሞሉበት ቦታ የለውም። ቀጥሎ ያነሳው ግን ከበድ ይላል፦ «ሞተር ማለት ነጣቂ ማለት አይደለም እንዴ?» አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ልዩ ፈቃድ ከተሰጣቸው በቀር ሞተር ሳይክሎች እንዳይንቀሳቀሱ ያገደችው በዚሁ ምክንያት ነበር። ያን ጊዜ እኔም ደግፌዋለሁ፤ አብራኝ የምትሠራ እህት ስልኳ በሞተረኞች ከጆሮዋ ላይ ተነጥቆ ነበርና። ነገር ግን ነጣቂ የሚፈልገው ማንም የማይለየው ሞተር ነው። በከተማው አንድ ብቻ የሆነ ቀለም ቀብቶ፣ ስም ጽፎበት ለስርቆት የሚወጣ ሌባ ይኖራል? ያጌጠ ሞተር ባለቤቱን አደባባይ ላይ ያጋልጣል። ይህን «የዱርዬ ጌጥ» የምንለው ሰዎች ነገሩን ገልብጠን ይዘነዋል።

ደግሞስ መቼ የተጀመረ ነገር ነው? አያቶቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። ሰውየው የፈረሱ አባት ይሆናል፤ በጦር ሜዳም በግጥምም የሚወደሰው በዚያ ስም ነው። በቅሎውና ፈረሱ ከነግላሱ፣ ከነኮርቻው፣ ከነልጓሙ ይሸለም ነበር። ያንን «ባህል» ብለን በሙዚየም መስታወት ውስጥ እናከብራለን። የፓኪስታንን ባለ ሥዕል የጭነት መኪናዎች፣ የፊሊፒንስን ጂፕኒዎች በፎቶ ስናይም እናደንቃለን። በራሳችን ግቢ ሲሆን ግን ሽታው ይታየናል።

ሽታው እውነት ነው፤ አልክድም። እንዲያውም ዛሬ የሚያሳስበኝ ከሸሚዜ ይልቅ የርሱ ሳንባ ነው። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ፈርኒሽ አይሶሳይኔት የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ ሲረጭ የተነፈሰውን ሰው አስም ውስጥ ሊከት ይችላል። አንዴ ያስቆጣው ሳንባ ከዚያ ወዲያ ለጥቂቱም ይታመማል። አፍ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ይህን አያቆምም። የድሮው ቀለም አቧራ ደግሞ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች፤ ዛሬ የሚፋቀው ግን ከደንቡ በፊት የተቀባው ነው። የእትዬ የልጅ ልጅ እዚያው ሥር አፈር ትጫወታለች፤ እርሳስ ደግሞ ከሁሉ የሚጎዳው የሕፃናትን አእምሮ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ አብረን ተነጋገርን፤ አሁን በደረቁ አይሞርድም፣ በውሃ ብቻ ነው፤ እጣቢውንም በባልዲ ያጠራቅማል። መድበሌን ላሳትምበት ካጠራቀምኩት ላይ ቀንሼም ማጣሪያ ያለው ጭምብል ገዛሁለት። ፍጹም መፍትሔ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣው ይሻል ነበር፣ ዋጋው ግን ለሁለታችንም አይቀመስም። እርሱም ጭምብሉን የሚያጠልቀው እኔ በመስኮት ብቅ ስል ነው። ስለዚህ ኮምፕረሰሩ በጮኸ ቁጥር ብቅ እላለሁ። ግጥም የማልጽፍበት አዲሱ ምክንያቴ ይህ ነው።

ሌላም ነገር እየመጣ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ሞተር ሳይክልም በጎዳናችን ላይ ማየት ጀምረናል። ነዳጅ የሌለው ሞተር የነዳጅ ታንክ ምን ያደርግለታል? የቀለም ቀቢው ሰፊ ሸራ ግን ታንኩ ነበር። ይህን ስነግረው ትከሻውን ነቀነቀ። «ባትሪውም ክዳን አለው። ፕላስቲክ ቀለም ቶሎ አይዝም እንጂ እናት ያለው ሰው ሁሉ ቦታ አያጣም» አለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ባለ ያማሃው ፓራፋንጎው ተሰንጥቆ መጣ። ሚኒባስ ገፍቶት ነው፤ እርሱ ግን ደህና ነበር። ሲጠገንለት ሦስታችንም የእትዬን ቡና እየጠጣን ስለ ፈረስ ስሞች አወራኋቸው። ቀለም ቀቢው እጁን በቲነር እያጠበ ቀና አለና፣ «ጋሼ፣ ያንተስ የፈረስ ስም ማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«እኔ በአውቶቡስ ነው የምሄደው» አልኩት።

«ቦርሳህን ተውልኝ፤ ቆዳም ቀለም ይይዛል።»

ቦርሳዬ እስከ አሁን እርሱ ዘንድ ነው። ምን እንደሚጽፍበት አልነገረኝም፤ እትዬን ግን ሲያማክራቸው ሰምቻለሁ።