ቃሊቲን ማን ይቅረጸው?

የአክስቴን ልጅ ልጠይቅ ቃሊቲ በተመላለስኩባቸው ሁለት ዓመታት መጀመሪያ የምለየው ስልኬን ነበር። ከመንገዱ ዳር ካሉት ሱቆች ለአንዷ እሰጥና ቁጥር የተጻፈባት የካርቶን ቁራጭ ተቀብዬ ሰልፉን እቀላቀላለሁ። ለእኔ ቢጤ ፊልም ሠሪ ነኝ ባይ ደግሞ ስልክ ማለት ካሜራ ነው። እናም በሕይወቴ ካየኋቸው ምርጥ ሾቶች ብዙዎቹን ያየኋቸው ባዶ እጄን ቆሜ ነው።

አንዱን ልንገራችሁ። ዕለቱ ዓርብ ነው፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ። ከፊቴ ነጠላ ያጣፉ እናት ሽሮና እንጀራ በሳህን ይዘው ቆመዋል። ስንቅ ያመጣ ሰው በር ላይ መቅመስ አለበት፣ ደንብ ነው። እማማ ግን እስከ 9 ሰዓት ይጾማሉ። ሳህኑን ከፈቱ፣ ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፣ አማተቡ፣ ጎረሱ። ከዚያ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው ቀስ ብለው አላመጡ። ሃያ ሰከንድ ቢሆን ነው። አንድም ቃል የለበትም። ስንት የእኛ አገር ፊልም ነው በሁለት ሰዓት ንግግር እዚህ የማይደርሰው?

ይህንን ይዤ የ15 ደቂቃ አጭር ፊልም ሐሳብ ጻፍኩና ለአንድ የውጭ አገር ፈንድ ላክሁ። መልሳቸው ጨዋ ነበር። ሐሳቡን ወደውታል፤ ብቻ ታሪኩ «ወደ ውስጥ ቢገባ» ይሻላል። ክፍሉስ? ምርመራውስ? ፌስቲቫሎች የሚጠብቁት እሱን ነው አሉኝ። በሚቀጥለው ጥየቃ ለአክስቴ ልጅ ስነግረው ሳቀ። «ውስጡንማ በቴሌቪዥን አሳይተዋችሁ የለም እንዴ?» አለኝ።

ሳቁ ደስ አላለኝም፣ ግን እውነቱን ነው። ኅዳር 2004 ዓ.ም. ኢቲቪ «አኬልዳማ» የሚባለውን ተከታታይ ዘጋቢ ፊልም ሲያስተላልፍ፣ ከታዩት ሰዎች መካከል ጉዳያቸው ገና ፍርድ ቤት ያለ ተከሳሾች ነበሩበት። በጥር 2005 «ጀሃዳዊ ሐረካት» መጣ፤ እንደገና ያልተፈረደባቸው ሰዎች ካሜራ ፊት ተቀምጠው ሲናገሩ አየን። ካሜራው ፊታቸውን በደንብ ያሳየናል። ከካሜራው ኋላ ማን እንደቆመ ግን አይነግረንም። ለፊልም ተማሪ ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም፣ ክፈፉ ውስጥ ያልገባው ሰው ነው ዳይሬክተሩ።

የሁለቱ ስዊድናውያን ጋዜጠኞች የማርቲን ሺቢዬና የዮሐን ፔርሾን ነገር ደግሞ ይብሳል። ሰኔ 2003 ኦጋዴን ውስጥ ተያዙ፣ በታኅሣሥ 2004 11 ዓመት ተፈረደባቸው፣ በጳጉሜን 2004 በይቅርታ ከቃሊቲ ወጡ። መሐል ላይ የሆነው ነው የሚገርመው። አንዴ ከተያዙ በኋላ፣ በረሃው ላይ «ሲያዙ» እንደገና እንዲተውኑ ተደርገው ተቀረጹ። የክልሉ ቴሌቪዥን ኃላፊ የነበረው አብዱላሂ ሁሴን ከ100 ሰዓት በላይ ቪዲዮ ይዞ ከአገር ሲወጣ ነው ዓለም ከካሜራው ኋላ የነበረውን ያየው። እ.ኤ.አ. በ2019 የስዊድኑ ዳይሬክተር የስፐር ጋንስላንት ታሪኩን «438 ቀናት» ብሎ ፊልም አደረገው፤ የዚያ ፊልም ቃሊቲ ግን ሌላ አገር የተሠራ ቃሊቲ ነው። አስቡት እንግዲህ። በእውነተኛው አሸዋ ላይ የተቀረጸው ውሸት ሆነ፣ ባሕር ማዶ ተዋናይ ቀጥሮ የተሠራው ደግሞ ወደ እውነቱ ቀረበ። የእኛስ ቃሊቲ የት አለ? የስንቅ አመላላሾቹ፣ የሳሪስ ታክሲ ጥበቃው፣ «ዛሬ ጥየቃ የለም» ተብሎ ሳህን ይዞ የሚመለሰው ሰው?

እዚህ ላይ ነው «ኢንዲፔንደንት ፊልም» የምንለው ነገር የሚያወዛግበኝ። አሜሪካኖቹ ሲሉ ከትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ነጻ የሆነ ማለታቸው ነው። እኛ ጋ ስቱዲዮ የታለና ነው ነጻ የምንወጣው? እኛ ነጻ መውጣት ያለብን ከፈቃድ ደብዳቤ ነው፣ ከስፖንሰር ነው፣ ደግሞም (ይሄን ስል ጓደኞቼ ይቀየሙኛል) ከፌስቲቫል ጥማት ነው። ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ን ሲያስብና ሲሠራ 14 ዓመት ያህል ወስዶበታል። ሁላችንም እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ያገኘውን የዳኞች ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ዋጋዱጉ ያነሣውን የየኔንጋ ወርቃማ ፈረስ እናወራለን። እኔን የሚገርመኝ 14 ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት በ1993 «ሳንኮፋ»ን የሚያከፋፍልለት ሲያጣ አዳራሽ ራሱ ተከራይቶ ነው ለሕዝብ ያሳየው። ፌስቲቫሉ ለእሱ ማረፊያ እንጂ መነሻ አልነበረም።

ፈንዱ «ወደ ውስጥ» ሲለኝ ትዝ ያለኝ ሌላም ነገር አለ። «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስም በርሊንም የተመልካቾችን ሽልማት ወስዶ ነሐሴ 2006 ብሔራዊ ቴአትር ሊመረቅ ሲል፣ ታዳሚው በተቀመጠበት በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ታገደ። እኔም እንደ ሁሉ ሰው «ሳንሱር!» ብዬ ጮኬያለሁ። በኋላ ነው ክሱ የማን እንደሆነ የሰማሁት። ፊልሙ የቆመበትን መከራ በልጅነቷ የተቀበለችው ራሷ ባለታሪኳ ናት ቅሬታ ያላት። የተጠለፈች ልጅ ታሪክ፣ ባለቤቷ ሳትስማማ ሲሄድ ምን እንለዋለን? ፊልሙን አሁንም እወደዋለሁ። ያን ቀን መጮኼን ግን አልወደውም።

የአክስቴ ልጅ ጥያቄም ይኸው ነው። «ስወጣ ሥራ ፈልጌ መቀጠር አለብኝ» አለኝ። «ፊቴን ለዘላለም እስረኛ አድርገህ ልታስቀረው ነው?» መልስ አልነበረኝም። ለተዋናይ ትሰጠዋለሁ ብል እንኳ ታሪኩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

መውጫ የሚሆነኝን ያገኘሁት ራሳቸው ታስረው ከሚያውቁት ነው። ቱርካዊው ይልማዝ ጉነይ «ዮል»ን እስር ቤት ሆኖ ጽፎ፣ ሸሪፍ ጎሬን በውጭ ቀረጸለት፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ካን ላይ የወርቅ ዘንባባውን ተጋራ። ይሄ ሁሉ ዓመት የታሰረ ሰው ፊልሙን ስለምን ሠራው? የጥቂት ቀን ፈቃድ ተሰጥቷቸው ወደ ቤታቸው ስለሚሄዱ እስረኞች። ካሜራው ክፍሉ ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ አገሩን ያያል። ኢራናዊው ጃፋር ፓናሂም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ለ20 ዓመት ፊልም እንዳይሠራ ተፈርዶበት፣ በዓመቱ ሳሎኑ ውስጥ ሆኖ «ይሄ ፊልም አይደለም» የሚል ሠራ። በ2025 የወርቅ ዘንባባ ባስገኘለት ፊልም ደግሞ የቀድሞ እስረኞች መርማሪያቸውን ያወቁት በሰው ሠራሽ እግሩ ድምፅ ነው። መገረፊያ ክፍሉን ሳያሳየን በአንዲት ሲጥታ ጨረሰን።

ለማንኛውም ፈንዱን «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» አልኳቸው። (እናቴ ይሄን ስትሰማ ለሦስት ቀን አላናገረችኝም።) ከበሩ ወዲህ ያለው ይበቃኛል። ደግሞ የሚያስቸኩል ነገር አለው። ዓለም በቃኝ ፈርሶ፣ በቦታው እ.ኤ.አ. ጥር 2012 የተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ቆሟል። እዚያ በር ላይ አያቶቻችን ስንት ዓመት ሳህን ይዘው ቆመዋል? የእነሱን ሰልፍ የሚያሳይ ፊልም አይቼ አላውቅም። ቦታ ይፈርሳል፣ ሳህን የያዘ ሰውም ይሞታል።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ዓመት ወጣ። ፊቱን አላሳይም፣ ድምፁን ፈቅዶልኛል፤ እሱንም ሥራ ሲያገኝ ሐሳቡን ከቀየረ አወጣዋለሁ ብዬ ጽፌ ፈርሜለታለሁ። እማማን ግን አላገኘኋቸውም። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ፣ ሰልፉ ይገፋ ነበር። ምናልባት ያውቋቸው እንደሆን ብዬ ስልክ አስቀማጯ ልጅ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። አላወቀቻቸውም። «ፊልም ሠሪ ነህ እንዴ?» አለችኝ ካርቶኖቿን በቁጥር እየደረደረች። «ስልክ አስረክበው ሲገቡና ሊወስዱ ሲመጡ የሰው ፊት እንዴት እንደሚለያይ ብነግርህ!» በርጩማ ሳበችልኝና ማስታወሻዬን አወጣሁ።