ሆድ ውስጥ የሚያብጠው የደም ቧንቧ

በመርሳም ሆነ በወልድያ አንድ አዛውንት ወገባቸውን ሲያማቸው «ኩላሊት ነው» ወይም «ብርድ ነው» ማለት የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜም ሕመሙ ቀላል ነው። ሊዘነጋ የማይገባ አንድ በሽታ ግን አለ።

አኦርታ ከልብ ተነስቶ ደምን ለመላ አካላችን የሚያደርስ ትልቁ የደም ቧንቧ ነው። ሆድ ውስጥ ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ግድግዳው ሲደክም እንደ ፊኛ ይነፋል፤ 3 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ በሽታ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም። ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ፣ በተለይም ሲጋራ ያጨሱ ወንዶች ይበልጥ ይጋለጣሉ።

እብጠቱ ትንሽ ከሆነ ሲጋራ ማቆም፣ የደም ግፊትን መቆጣጠርና በየጊዜው በአልትራሳውንድ መለካት ያስፈልጋል። በወንዶች 5.5፣ በሴቶች 5 ሳንቲ ሜትር ሲሞላ ግን ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ያበጠው ክፍል በሰው ሠራሽ ቧንቧ ይተካል፤ ከ1990 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሆድ ሳይከፈት በብሽሽት በኩል ማስገባት ተችሏል።

ከፈነዳ ብዙዎች ሆስፒታል ሳይደርሱ ይሞታሉ። ከሀብሩ ተነስቶ የደም ሥር ቀዶ ሐኪም ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ ከተሄደ ደግሞ መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ አጫሽ የነበሩ አባቶቻችን ሳያማቸው አንድ ጊዜ ሆዳቸውን በአልትራሳውንድ ይታዩ። ምርመራው መርፌም ጨረርም የለውም። ድንገተኛ ኃይለኛ የሆድ ወይም የወገብ ሕመም ከላብና ራስን ከመሳት ጋር ከመጣ ግን ለነገ አይባልም፤ ወዲያው ወደ ሆስፒታል!