ሸክም የያዘ ወደ ኋላው አያይም

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናገረው ስለ ቢስክሌት ነው። ይህን ያነበበ ሰው «ቢስክሌት የልጆች መጫወቻ ነው፤ ለወላጅ የሚሆን ምን ምክር ይገኝበታል?» ማለቱ አይቀርም። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ አስብ ነበር።

ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ያለው የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ነው። የቀድሞው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቈረጠ ስላለቀ፥ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ በእርሳቸው ዘመን ተተከለና ተራራውን አለበሰው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህም፥ ከከተማው ወጥቶ በደኑ ውስጥ ቢስክሌት መንዳት ለብዙ ሰው መዝናኛ ሆኗል።

የተራራ ቢስክሌት የሚባለው ጎማው ሰፊና ጥርሳም፥ ፍሬኑም ብርቱ የሆነው ነው። ጨዋታው የታወቀው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1970ዎቹ በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ አገር፥ ወጣቶች አሮጌ ቢስክሌታቸውን እያደሱ ከታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ቍልቍል መውረድ በጀመሩ ጊዜ ነው። በ1976 የጀመሩት ውድድር «ሪፓክ» ተባለ፤ ትርጓሜውም እንደ ገና መሙላት ማለት ነው። ቍልቍለቱ እጅግ ጽኑ ስለ ነበረ፥ የኋላው ፍሬን ግሎ ቅባቱ ይቃጠልና ከወረዱ በኋላ ቅባቱን እንደ ገና መሙላት ግድ ይሆን ነበር። እንግዲህ አስተውሉ፤ ውድድሩ ስሙን ያገኘው ከፍጥነቱ ሳይሆን ከፍሬኑ ነው። ይህ የተራራ ግልቢያ በ1996 በአትላንታ ከኦሊምፒክ ጨዋታዎች ጋራ ተቈጠረ።

እኔ ግን ለልጄ ይህን ሳላስተምረው ቀረሁ። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። ቢስክሌት ከገዛሁለት በኋላ በየእሑዱ ወደ እንጦጦ እየወሰድሁ፥ ከባሕር ዛፉ መካከል በሚወርድ ጠባብ የእግር መንገድ ላይ አለማምደው ነበር። መንገዱ አጭር ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ልጁ በፈራ ጊዜ «አትፍራ፥ ልቀቀው!» እለው ነበር፤ ፈጥኖ በወረደም ጊዜ አመሰግነው ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠዋት፥ ሌሊት ዝናም ጥሎ ስለ ነበረ የወደቀው ቅጠልና ቅርፊት ሁሉ ያንሸራትት ነበር። ልጄ ከፊቴ ወረደ። ከመታጠፊያው እንደ ደረሰ፥ አንዲት ሴት በጀርባዋ የማገዶ እንጨት ተሸክማ፥ ወገቧ ጐብጦ፥ በዚያው መንገድ ወደ ከተማ ስትወርድ አገኛት። ፍሬኑን በድንጋጤ ጨብጦ ያዘ፤ ጎማው ተንሸራተተና ልጁ ከቍጥቋጦ ውስጥ ገባ። እርሷም ከድንጋጤዋ የተነሣ ተሰናክላ ወደቀች፤ እንጨቱም ተበተነ።

እኔ ስደርስ ልጄ ተነሥቶ «እናቴ፥ ይቅር ይበሉኝ፤ ዘወር ይላሉ ብዬ ነው» ይላት ነበር። እርሷም «ልጄ፥ ይህን ተሸክሜ ወደ ኋላዬ ማየት እችላለሁን?» አለችው። መዳፏ ተልጦ ነበር። እኔ ገንዘብ ልሰጣት እጄን ወደ ኪሴ ባገባሁ ጊዜ፥ «ጌታዬ፥ አስቀድመው ሸክሜን ያንሡልኝ» አለችኝ።

«የቸኰለ አፍስሶ ለቀመ» ይባላል። በዚያ ቀን ግን የቸኰልነው እኛ ስንሆን የፈሰሰው የእርሷ ነበረ። እንጨቱን ለቅመን አሰርነው። ከዚያም ሸክሙን ላነሣ ብሞክር አቃተኝ፤ ከልጄ ጋራ ሆነን በጭንቅ አነሣነው። እስከ አስፋልቱ ድረስ እየተቀባበልን ስናደርስላት ሦስት ጊዜ ዐረፍን። እርሷ ግን ከተራራው ራስ ጀምሮ ብቻዋን ይዛው መጥታ ነበር።

የሥራዬ ነገር ሆኖ የከሳሽንና የተከሳሽን ቃል ስጽፍ እውላለሁ። በዚያች ማታ የራሴን ቃል ብጽፍ ኖሮ፥ ጥፋተኛው ልጁ ሳይሆን «ልቀቀው» ያልሁት እኔ እንደ ሆንሁ ለመጻፍ ግድ ይሆንብኝ ነበር።

ስለዚህ ለልጁ ቢስክሌት የሚገዛ ወላጅ አስቀድሞ ይህን ያስተምረው። አንደኛ፥ ፍሬን የሚያዝ ከመታጠፊያው በፊት ነው፤ በመታጠፊያው ላይ፥ ይልቁንም በእርጥብ ቅጠል ላይ በድንገት ቢያዝ ጎማው ያንሸራትታል። ሁለተኛ፥ በጽኑ ቍልቍለት የፊተኛውን ፍሬን ብቻ ጨምቆ የያዘ በመሪው ላይ ተወርውሮ ይወድቃልና፥ ሰውነቱን ወደ ኋላ አድርጎ ሁለቱንም በልክ ይያዝ። ሦስተኛ፥ የራስ ቍር ሳያደርግ አይውጣ። አራተኛ፥ በዓይኑ ከሚያየው ርቀት ውስጥ ለመቆም የማይችል ከሆነ ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። አምስተኛ፥ ወራጅ ለወጪ፥ ነጂም ለእግረኛ መንገድ ይልቀቅ፤ ከኋላ ሲቀርብ በሩቁ ድምፁን ያሰማ፥ ሸክም የያዘ ካገኘም ወርዶ ይቁም።

በሚከተለው እሑድ ልጄ በቢስክሌቱ መሪ ላይ ደወል አስሮ ወጣ። በዚያች አጭር መንገድ ላይ አራት ጊዜ ወርዶ ቆመ፤ ከታችም የደረሰው ከወትሮው ዘግይቶ ነው። እኔም በዚያ ቀን ከቀድሞው ሁሉ አብልጬ አመሰገንሁት።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ከተራራ ሲመለስ «እንዴት ፈጥነህ ወረድህ?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት፥ «ለስንት ሰው ቆምህ?» ብላችሁ ጠይቁት።