ከአራስ ቤት እስከ ትምህርት ቤት፦ መካከሉን ማን ይሙላው?



በሠፈራችን አንዲት እናት ስትወልድ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወሬው ከተሰማበት ሰዓት ጀምሮ ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይፈላል፤ ቅቤ ያለው ቅቤ ይዞ፣ የሌለውም ባዶ እጁን ሄዶ እንኳን ደስ ያለሽ ይላል። በዚህ ጊዜ ክርስቲያን ሙስሊም፣ ባለቤት ተከራይ ተብሎ አይለይም። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ይነሣል፤ በሙስሊሙም ቤት በሰባተኛው ቀን አቂቃው ይወጣል። ከዚያ በኋላ ግን ጎረቤት ወደ ኑሮው ይመለሳል፣ እናትም ወደ ሥራዋ። ይህ በክፋት የሚሆን አይደለም፤ የኑሮ ነገር ነው።

ያው ልጅ አድጎ ለአፀደ ሕፃናት ሲደርስ ደግሞ ሌላ እጅ ይቀበለዋል። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ቁርስና ምሳ ማብላቱ ከሥራዎቹ ሁሉ የሚመሰገንበት ነው። በረሃብ ምክንያት ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውን ልጅ ያየን ሰዎች የዚህን ሥራ ዋጋ እናውቃለን።

ታዲያ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜስ? ከአራስ ቤት መልስ እስከ አፀደ ሕፃናት በር ድረስ ያሉት ሦስትና ከዚያ በላይ ዓመታት የማን ናቸው? በዚህ ዕትም ልናነሣ የወደድነው ይህንኑ ነው።

ሐኪሞች ደጋግመው እንደሚነግሩን፣ ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ያሉት 1000 ቀናት (270ው በማኅፀን፣ 730ው ከወሊድ በኋላ) የአንድ ሰው አካልና አእምሮ መሠረት የሚጣልባቸው ናቸው። በእነዚህ ቀናት የጎደለውን ምግብ በኋላ ሙሉ በሙሉ ማካካስ አስቸጋሪ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ገብቶ ሲበላ ይወፍር ይሆናል፤ የቀጨጨው ቁመትና የተጎዳው አእምሮ ግን እንደዚያ በቀላሉ አይመለስም። እንግዲህ ዋናው ምሰሶ በሚቆምበት ጊዜ ማንም የለም፣ ቤቱ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ነው ሁላችንም የምንሰበሰበው ማለት ነው።

በአገር ደረጃ ነገሩ ምን እንደሚመስል የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶቹ ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የቀጨጩ ነበሩ፤ በ2016 ይህ ወደ 38 ከመቶ፣ በ2019 ደግሞ ወደ 37 ከመቶ ወርዷል። መሻሻሉ አይካድም። ይሁን እንጂ በዚያው በ2016 ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት ተገቢውን ዓይነትና መጠን ያለው ምግብ ያገኙት ከ100 ሰባቱ ብቻ ነበሩ። መንግሥትም በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን የምግብ እጥረት እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት ቃል ገብቷል። አዲስ አበባ ከገጠሩ ትሻላለች፣ እውነት ነው። ግን የከተማ አማካይ ቁጥር የቤቴልን ቪላና የአጠና ተራን የቆርቆሮ ቤት አንድ ላይ ደምሮ የሚያካፍል ስለሆነ፣ የደሃዋን እናት ጓዳ አያሳይም።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እርዳታ ጭራሽ የለም ብንል ሐሰት ይሆንብናል። አለ፤ ግን እንደ አሮጌ ጆንያ ቀዳዳው በዝቷል።

አንደኛ፣ ሴፍቲኔቱ። የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በከተማችን ሲጀመር ለብዙ ቤተሰብ ነፍስ ዘርቷል። መንገድ የጠረጉ፣ ችግኝ የተከሉ እናቶች በደብተራቸው ገንዘብ አይተዋል። ነገር ግን ክፍያው የሚታሰበው በቤተሰብ እንጂ ለሚያጠባ ጡትና ለሚያድግ ሕፃን ተብሎ አይደለም። ጊዜውም ውሱን ነው፦ ሦስት ዓመት ሲሞላ «ተመርቃችኋል» ይባላል፤ ከምረቃው በኋላ የተወለደው ልጅ ግን የእናቱን ዲፕሎማ አይበላም። ደግሞም ለመመዝገብ የነዋሪነት መታወቂያ ያስፈልጋል። ከክፍለ ሀገር መጥታ ሰው ቤት ስትሠራ ያረገዘችና ከሥራ የወጣች፣ አንዲት ክፍል በጋራ ተከራይታ የምትኖር ልጅ መሸኛ ከወዴት ታመጣለች? ከሁሉ የባሰችው ደሃ ከዝርዝሩ የምትወጣው በወረቀት ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፣ የወሊድ ፈቃድ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከክፍያ ጋር ይሰጣል። ሸጋ ሕግ ነው። ግን ጉልት ለምትቸረችር፣ ልብስ ለምታጥብ፣ እንጀራ ጋግራ ለምታስረክብ እናት ማን ፈቃድ ይፈርምላታል? የቤት ሠራተኛም በዚህ አዋጅ አትሸፈንም። ሐኪሙ «እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ» ይላታል፤ የቤት ኪራዩ ደግሞ «ነገ ውጪ» ይላታል። ከሁለቱ የትኛውን እንደምትሰማ መገመት አያቅትም።

ሦስተኛና ዋናው፣ የጤና ጣቢያው መስፈሪያ ነው። ሕፃኑ ከስድስት ወር በላይ ሲሆን ክንዱ በሜትር ይለካል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ክፉኛ ተጎድቷልና ፕላምፒናት ይሰጠዋል፣ ሕክምና ያገኛል። ከ11.5 እስከ 12.5 ከሆነ ግን መካከለኛ ጉዳት ይባላል። ለዚህ ደረጃ የሚሆነው ተጨማሪ ምግብ በአብዛኛው የሚታደለው ድርቅና ችግር በጠናባቸው ወረዳዎች ነው፤ የከተማዋ እናት የሚደርሳት ብዙውን ጊዜ ምክር ነው።

በቅርቡ የሠፈራችን አንዲት እናት ይህንኑ አጫወተችን። በየቤቱ ልብስ እያጠበች የምታድር ናት። የ14 ወር ልጇን ይዛ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሄዳ ነበር፤ ክንዱ 12 ሆነ። «ገና አልከፋም፣ ዕንቁላልና ወተት ስጪው፣ ከወር በኋላ አምጪው» ተብላ ተመለሰች። «እኔ ዕንቁላል መስጠት አጥቼው መሰላቸው?» አለችን። «እንግዲህ እስኪከፋ ድረስ ልጠብቅ?» የለካችላትን ነርስ አንወቅስም፤ መደርደሪያዋ ላይ የሌለውን ከየት ታምጣ? የምንወቅሰው አሠራሩን ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነበር። እኛ ግን እሳቱ ጣሪያ ሲነካ ነው ባልዲ የምናድለው።

ይህ ችግር ለአገራችን አዲስ አይደለም፣ መፍትሔውም እንደዚሁ። እ.ኤ.አ. በ1962 ከስዊድን ጋር በመተባበር የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል በአዲስ አበባ ተቋቁሞ ነበር፤ በ1968 ወደ ኢትዮጵያ ኑትሪሽን ኢንስቲትዩት አደገ። ብዙዎቻችን ያደግንበት ፋፋ የተገኘው ከዚያ ሥራ ነው። እህልን ከጥራጥሬ ጋር አመጣጥኖ፣ ወተት ዱቄትና ቪታሚን ጨምሮ፣ ለሕፃን የሚስማማ ዱቄት በአገር ውስጥ ማዘጋጀት ይቻላል ብለው አሳዩን። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን «ዊክ» ሲሉ የምንሰማውም ይኸው ሐሳብ ነው፦ እዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1972 በሕግ የተጀመረ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለወለደችና አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ብቻ ተለይቶ የተመደበ ምግብ። ሀብታም አገር እንኳ «ሕፃኑ ከቤተሰቡ ሞሰብ ይብላ» ብሎ አልተወውም።

ስለሆነም ለሚመለከተው አካል የምንለው አለን። የተማሪዎች ምገባ ያመጣውን ውጤት ዓይተናል፤ ያ እጅ ወደ ታች ዝቅ ብሎ ከስድስት ወር ጀምሮ ላለው ሕፃን ይዘርጋልን። ክንዱ ከ12.5 በታች የሆነ የከተማ ልጅ ምክር ብቻ ሳይሆን ዱቄትም ይዞ ይመለስ። ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች መታወቂያ ከማጣራት በፊት ክንድ መለካት ይቅደም። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ተከራዩን ከነጓሮ ክፍሉ ያውቁታልና የእነሱ ምስክርነት እንደ ወረቀት ይቆጠር።

ግን ጣት ወደ ወረዳ ብቻ ቀስረን ብንቀመጥ ራሳችንን ማታለል ነው። እድራችንን እንመልከት። ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ ለቤተሰቡ ገንዘብ እንሰጣለን። ይህ ትልቅ ወግ ነው፣ አይነካ። ነገር ግን ለቀብር ያልጎደለ እጃችን ለዕድገት ለምን ያጥራል? ለሞተው ያለን ደንብ በሕይወት ላለው ሕፃን ለምን አይኖረን?

በመሆኑም በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለውን እንድትመክሩበት እናቀርባለን። እያንዳንዱ እድር ከወርኃዊ መዋጮው ላይ ጥቂት ለይቶ ለእናቶችና ለሕፃናት ሣጥን ያውጣ። በዚያ ገንዘብ እህልና ጥራጥሬ በጅምላ ይገዛ፤ ሦስት እጅ ስንዴ ወይም ገብስ ወይም በቆሎ፣ አንድ እጅ ሽምብራ ወይም ምስር ወይም ባቄላ ሆኖ ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶ ይፈጭ። ባለ ወፍጮዎቻችን የማስፈጫውን ዋጋ እንደሚተዉልን ተስፋ አለን። ምጥኑ ዱቄት በየወሩ ለሚያስፈልጋት እናት ቤቷ ድረስ ይሂድ። ዝርዝሩን ሁለት የታመኑ እናቶች ብቻ ይያዙት፤ የማንም ስም በዚህ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍም። ድህነት ነውር ባይሆንም፣ ሰው ፊት መጠራት ያሳፍራልና።

ለእናቶችም አንዳንድ ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። ስድስት ወር የሞላው ልጅ ጡት ብቻ አይበቃውም፤ ጡቱ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል፣ ግን ገንፎ ይጨመርለት። ገንፎው ወፍራም ይሁን፤ ከማንኪያ ላይ እንደ ውሃ የሚፈስ አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ልጅ አያሳድግም። ቆጮም ብቻውን አይበቃም፣ ጥራጥሬ ይፈልጋል። ጠብታ ዘይት ወይም ቅቤ፣ የተፈጨ ጎመን ወይም ካሮት፣ ከተገኘም ዕንቁላል ይግባበት። ከዘጠኝ ወር በታች ላለው በቀን ሁለት ሦስቴ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው ሦስት አራቴ። በጾም ወቅት «ዕቃ ይነካካል» ተብሎ ሕፃኑ ዕንቁላል የሚቀርበት ቤት እንዳለም እናውቃለን፤ ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጾም አይጠይቀውም። ለእሱ አንዲት ትንሽ ድስት ለብቻ ብትቀመጥ ነገሩ አለቀ። አባቶችም ይህን የሴት ወሬ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ድስቱን ለመግዛትም ልጁን ለማጉረስም እጅ አላችሁ።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል ሰምተን አድገናል። ያቺ ልብስ የምታጥብ እናት የወር ቀጠሮዋ ሊደርስ ነው። የልጇ ክንድ ያን ጊዜ ወፍሮ ይገኝ ወይስ ሳስቶ፣ ሜትሩ የሚለካው እሱን ብቻ ሳይሆን እኛንም ነው። በስብሰባው እንገናኝ፤ እንዳትቀሩ አደራ እንላለን።

የዝግጅት ክፍሉ