መዋጮ ከሠፈር፣ ድጎማ ለከነማ

በዚህ ገጽ አዘውትሬ የማነሣው ታላላቁን ፖለቲካ ነው። ዛሬ ግን ዝቅ ብዬ ስለ ትንሹ ገንዘብ መናገር ፈለግሁ፤ ለሠፈር እድር፣ ለመንደር ትምህርት ቤት፣ በአቧራ ሜዳ ላይ ለሚራወጥ የልጆች ቡድን ስለሚሰጠው፣ ይልቁንም ስለማይሰጠው ገንዘብ። «ይህ ደግሞ ምን ፖለቲካ አለው?» የሚለኝ ቢኖር፣ ዜጋው ከመንግሥቱ ጋር በየዕለቱ የሚገናኘው በቀበሌው በር ላይ መሆኑን አስታውሰዋለሁ። በዚያ በር የሚገባውና የሚወጣው ገንዘብ ፖለቲካ ካልሆነ ሌላው ምኑ ፖለቲካ ይሆናል?

ክርክሬን ከወዲሁ ላስቀምጠው። በሀገራችን የሕዝብ ገንዘብ ለአካባቢ ስብስቦች የሚደርሳቸው በአብዛኛው በደጅ ጥናት እንጂ በታወጀ መስፈርት አይደለም። ማን ጠየቀ፣ ማን ተሰጠው፣ ማን ተከለከለ፣ ስለ ምን ተከለከለ የሚል ዝርዝር የሚለጠፍበት ሰሌዳ አላየሁም። ገንዘቡም የሚሄደው ጩኸቱ ወደ በረታው ነው። በሀገራችን ደግሞ ከእግር ኳስ ክለብ በላይ የሚጮህ የለም።

እስቲ «ከነማ» የሚለውን ስም እንመርምረው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ የከተማውን ሰው ደግሞ በማኅበር አደራጅቶት ነበር። «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» የሚለው ስም በአፍ ሲመላለስ አጠረና «ከነማ» ሆነ። ስሙ በየመድኃኒት ቤቱ ላይ ተጻፈ፤ በየክለቡ ማልያ ላይም ታተመ። ኋላ ላይ በርካታ ክለቦቻችን «ከነማ» የሚለውን ትተው «ከተማ» ተባሉ። ሆን ብሎ ያሰበበት ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሆኖም ከሦስቱ ቃላት «ነዋሪዎች» እና «ማኅበር» የሚሉት ወድቀው «ከተማ» ብቻውን መቅረቱ ከማናቸውም የኦዲት ሪፖርት ይልቅ እውነቱን ይነግረናል። ለመሆኑ በጠቅላላ ጉባኤ እጁን አውጥቶ የከተማውን ክለብ ቦርድ የመረጠ ነዋሪ ታውቃላችሁ? የቦርዱ ሰብሳቢ ብዙ ጊዜ ከከተማው ሹማምንት አንዱ ነው። ገንዘቡ የከተማው ግምጃ ቤት ነው። ለነዋሪው የተረፈው ትኬት መግዛትና መደገፍ፣ ሲሸነፉም ማዘን ነው።

ወጪው ምን ያህል እንደናረ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ወስነው ነበር። ልብ በሉ፤ ሃምሳ ሺህ ብር የተባለው ጣሪያው ነው! በዚያው ጊዜ የጀማሪ መምህር ደመወዝ የዚህ አንድ አሥረኛ ገደማ ነበር። ጣሪያውም ብዙ አልሰነበተም። በጓሮ በር የሚከፈል የፊርማ ገንዘብ የሚባል ነገር እንዳለ ኳስ የሚከታተል ሁሉ ያወራዋል። ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ብሔራዊ ቡድናችን በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ «ሜዳዬ» ብሎ የተጫወተው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ነበር፤ በሀገራችን የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም አልነበረምና።

ኳስ ጠላ እንዳትሉኝ። እኔም ቅዳሜና እሑድ ከሬዲዮ የማልለይ ሰው ነኝ። የምቃወመው ከአንድ የሕዝብ ኪስ ለሃያ አምስት ቅጥረኛ ተጫዋቾች ሚሊዮኖች ሲቆጠሩ፣ ለሁለት ሺህ ልጆች የመጫወቻ ሜዳ «በጀት የለም» መባሉን ነው። በቆጂን አስቡ። አቶ ስንታየሁ እሸቱ የሚባሉ የትምህርት ቤት መምህር፣ በአንዲት የአርሲ ከተማ፣ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን የመሰሉ ልጆች ከመነሻቸው አሠልጥነዋል። ደራርቱ በ1992 እ.ኤ.አ. ባርሴሎና ላይ ወርቅ ስታጠልቅ ከኋላዋ ሚሊዮን የሚከፈለው ክለብ አልነበረም፤ መምህርና ሜዳ ነበሩ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ለሚሻ ሰው ምን ልጨምርለት?

በቅርብ ዓመታት በአዲስ አበባ በየሠፈሩ ሜዳዎች መሠራታቸውን አልክድም፤ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ሜዳ ከተሠራ በኋላ ኳሱን የሚገዛ፣ መረቡን የሚጠግን፣ ልጆቹን በሰዓታቸው የሚሰበስብ ቡድን ያስፈልጋል። እርሱን ማን ይደጉመዋል?

አሁን ወደ ትምህርት ቤት ልሻገር። እዚህ ላይ የመንግሥትን መልካም ሥራ ማመስገን ግድ ይለኛል፤ ምስጋናዬ ለሚቀጥለው ወቀሳ መንደርደሪያ መሆኑን ግን አልሸሽግም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም በተባለው ሥር፣ በዓለም ባንክና በሌሎች ለጋሾች ድጋፍ፣ መምህራን «ስኩል ግራንት» የሚሉት ድጎማ ለየትምህርት ቤቱ ይደርስ ጀመር። ሒሳቡ ቀላል ነበር፤ ለአንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በዓመት ሃምሳ ብር ገደማ ይታሰባል። ስንት ተማሪ እንዳለህ ይቆጠራል፣ ይባዛል፣ ይላካል። ርእሰ መምህሩ የማን ዘመድ ነው፣ ወረዳው የትኛውን ቀበሌ ይወዳል የሚለው በስሌቱ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

በአንድ ትምህርት ቤት (ስሙን አልጠራም) የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት ጸሐፊ ሆኜ ሁለት ዓመት አገልግያለሁ። የድጎማው ገንዘብ ሲመጣ ልኩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። እናቶች መጥተው አነበቡት፤ ማንበብ የማይችሉትን ልጆቻቸው አነበቡላቸው። ቀጥሎ በተደረገው ስብሰባ ስለ ሁለት ደርዘን ጠረጴዛ የተደረገውን ክርክር በምክር ቤቶቻችን ባየሁት ደስ ባለኝ! አንዲት ጉሊት የሚቸረችሩ እናት ተነሥተው የጠረጴዛውን ዋጋ ከሌላ አናጺ ጠይቀው እንደመጡ ተናገሩና የቀረበው ዋጋ በዚያው ጉባኤ ወረደ። በዚያው ዓመት ደግሞ ለአጥር ተብሎ ከየቤቱ መዋጮ ተሰብስቦ ነበር፤ የእርሱ ልክ ግን በየትኛውም ሰሌዳ ላይ አልተለጠፈም። የትኛው ወረዳ እንደሰበሰበው እተወዋለሁ። ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ገንዘብ ሴትዮዋ ጠበቁት፤ ያልተጻፈውን ማንም ሊጠብቀው አልቻለም።

ይህ ድጎማ እንከን የለሽ ነበር አልልም። የተማሪ ቁጥር ማጋነንን ይጋብዛል፤ ለዚህ መድኃኒቱ ቆጠራ ነው። ዘግይቶ የሚደርስበት ጊዜም ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን የብሩ መሟሸሽ ነው። በ2001 ዓ.ም. አንድ ዶላር በ11 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተደረገው የምንዛሬ ለውጥ በኋላ ከመቶ ብር አልፏል። ያኔ በሃምሳ ብር የሚገዛው ደብተርና ጠመኔ ዛሬ በሃምሳ ብር አይቀመስም። የተጫዋች ደመወዝ ከገበያው ጋር ሲወጣ የተማሪው ድጎማ ከገበያው ጋር የማይወጣው ስለ ምንድን ነው? ተማሪ ወኪል የለውም፤ ሌላ መልስ አላገኘሁለትም።

ወደ ሕጉ እንምጣ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621፣ በመብት ጉዳይ ላይ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከጠቅላላ ገቢው ከአሥር በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ። ምክንያቱም ሲነገረን «በራሳችሁ ገንዘብ ቁሙ» የሚል ነበር። ይሁን፤ ክርክሩን ለጊዜው እንቀበለውና ጥያቄ እናንሣ። የውጭው በር ከተዘጋ የውስጡ በር መከፈት አልነበረበትምን? ለሀገር ልጅ ማኅበር ከሀገር ግምጃ ቤት፣ በግልጽ መስፈርት፣ በውድድር የሚሰጥ ድጎማ ያኔ ቢቋቋም ኖሮ ቢያንስ የክርክሩን ቅንነት ባመንን ነበር። ሳይቋቋም አሥር ዓመት አለፈ። በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 የቀድሞውን ሽሮ ያን የአሥር በመቶ ገደብ አነሣ፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ፈንድ የሚባልም አቋቋመ። አዋጁን ሲወጣ አጨብጭቤለታለሁ። ነገር ግን ፈንዱ የተመዘገበ ድርጅት ነው የሚያውቀው፤ ሁለቱም አዋጆች እድርንና እቁብን ከወሰናቸው ውጭ አድርገዋቸዋል።

ከሕጉ ውጭ መሆን ለእድር በረከትም መርገምም ነው። በረከቱ ማንም ፈቃድህን እነጥቃለሁ ብሎ አያስፈራራህም። መርገሙ ደግሞ ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስትና የመቶ ቤት መዋጮ ይዘህ ለአንዲት የውኃ ቧንቧ ድጎማ ልትጠይቅ ስትሄድ «በምን ሕጋዊ ሰውነት?» ትባላለህ። የሚገርመው መንግሥት ራሱ ሲቸግረው ይህን ጥያቄ አያነሣም። ለመንገድ፣ ለጸጥታ፣ ለትምህርት ቤት አጥር መዋጮ ሲፈለግ የሚጠሩት የእድር ዳኞች ናቸው። ሲሰጥ ሕጋዊ ነው፣ ሲቀበል ሕጋዊ አይደለም ማለት ነው? ይህም «የኅብረተሰብ ተሳትፎ» የሚል ያማረ ስም ተሰጥቶታል።

ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚቀርቡብኝ አውቃለሁ። አንደኛው «ትንሹ ሰው ሒሳብ አያውቅም፣ ገንዘቡ ይበላል» የሚለው ነው። በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። እድር ያልከፈለውን በስሙ ጠርቶ የሚቀጣ፣ ገንዘብ ያዡን በዓይነ ቁራኛ የሚጠብቅ ተቋም ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለምክር ቤት በሚያቀርበው ሪፖርት ግን በቢሊዮን የሚቆጠር ያልተወራረደ ሒሳብ ያለባቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። አስተማሪውና ተማሪው ቦታ ይለዋወጡ እንጂ!

ሁለተኛው ተቃውሞ የብልሆች ነው፤ ስለዚህም አከብረዋለሁ። «እድር እስከ ዛሬ የኖረው የማንንም እጅ ሳያይ ነው። የመንግሥት ገንዘብ ከገባበት ነፃነቱን ያጣል፤ ዳኛውም የካቢኔ ታዛዥ ይሆናል» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ገንዘቡ በሞገስ የሚሰጥ ከሆነ። ትናንት ተለምኖ የተሰጠ ገንዘብ ነገ በሰልፍ፣ በድጋፍ መግለጫ፣ በምርጫ ካርድ ይመለሳል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህ አደጋ ዛሬም አለ፤ ያውም በከፋ መልኩ፤ መስፈርት የሌለው ስጦታ ሁሉ ባለ ዕዳ ያደርጋልና። በስሌት የተሰጠውን ግን ማንም ሊያስመልሰው አይችልም። ያ የሃምሳ ብር ድጎማ ሲመጣ በእኛ ትምህርት ቤት ማንም ማንንም አላመሰገነም፤ ቆጥረን ተቀበልን። ሠፈሩን ከታዛዥነት የሚያድነው ድጎማን መሸሽ ሳይሆን ድጎማውን ከሹሙ እጅ አውጥቶ በወረቀት ላይ ማስፈር ነው።

ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። በለንደን ያሉ ወገኖቻችን ያቋቋሟቸው የኮሚዩኒቲ ማኅበራት አሠራሩን ያውቁታል። በብሪታንያ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከብሔራዊ ሎተሪው ሽያጭ የተወሰነው ለበጎ ሥራ ይመደባል፤ ከዚያም ለትንንሽ ስብስቦች፣ ለትምህርት ቤቶችና ለመሰሎቻቸው ከ300 እስከ 20 ሺህ ፓውንድ የሚሰጥበት መርሐ ግብር አለ። ከመስፈርቶቹ አንዱ በአመራሩ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ዝምድና የሌላቸው ሰዎች እንዲኖሩ ይጠይቃል፤ ባልና ሚስት ብቻ ሆነው ማኅበር ነን እንዳይሉ ነው። ለማን ምን ያህል እንደተሰጠም በይፋ ይወጣል። የሎተሪ ገንዘብ በአብዛኛው የድኻ ገንዘብ ነው የሚል ቅሬታ አለ፤ እኔም እጋራዋለሁ። ግን እኛም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየ ብሔራዊ ሎተሪ አለን። የድኻው የሎተሪ ትኬት ገንዘብ እዚያ የሠፈር አዳራሽ ጣሪያ ሲያለብስ፣ እዚህ የትርፉ ዱካ ይጠፋል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። እያንዳንዱ የከተማ ምክር ቤት ለእግር ኳስ ክለቡ ከሚመድበው ከአሥር ብር አንዱን ለሠፈር ስብስቦች ይመድብ። የነዋሪ ብዛት ይቆጠር፣ ለየወረዳው ይከፈል። አንድ እድር፣ አንድ የወላጆች ኅብረት፣ አንድ የታዳጊዎች ቡድን በአንድ ገጽ ማመልከቻና በሁለት ዝምድና በሌላቸው ፈራሚዎች ይጠይቅ። የተሰጠውም የተከለከለውም ከነምክንያቱ በወረዳው በር ላይ ይለጠፍ።

በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። የከተማችሁ በጀት በሚጸድቅበት ሰሞን ዝርዝሩን ጠይቁ። ክለቡ በየትኛው መስመር፣ በስንት ብር እንደተጻፈ ተመልከቱ። ከዚያ «ለሠፈር ስብስቦች» የሚል መስመር ፈልጉ። ያገኘ ሰው የከተማውን ስምና የብሩን ልክ ይላክልኝ፤ በዚሁ ገጽ በደስታ አወጣዋለሁ።