ባሌስትራ ሲደረብ ፍሬኑ አብሮ አይደረብም

ስልካችሁ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። አንድ አይሱዙ ኋላው ተቀምጦ፣ አፍንጫው ወደ ላይ አንጋጦ ጋራዥ ይገባል። ሙዚቃ ይለቀቃል፣ መዶሻ ይጮኻል፣ ባሌስትራው ላይ ሁለት ሦስት ብረት ይደረባል። ከዚያ ያው መኪና፣ ያው ጭነት ተመልሶበት፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ኮሜንቱ በጭብጨባ ይሞላል። “አሁን 20 ኩንታል ብትጨምርበትም አይበገርም” የሚልም አይጠፋም።

እኔን የምታስፈራኝ ያቺ የመጨረሻዋ አባባል ናት። መኪናው ቀና አለ ማለት አቅሙ ጨመረ ማለት አይደለም። ኋላው ሲቀመጥ “ከብዶኛል” እያለ ነበር፤ ብረት ስንደርብበት አፉን ዘጋነው። ክብደቱ ግን እዚያው አለ።

ባሌስትራ የሚሠራው በሻንሲውና በአክስሉ መሃል ነው። ጭነቱን ተሸክሞ የመንገዱን ጉብታ ያለዝባል። ከሱ በታች አክስሉ አለ፣ ኩሽኔታው አለ፣ ጎማው አለ፣ የፍሬን ሸራው አለ። እነዚህን ፋብሪካው የሠራቸው ለተወሰነ ክብደት ነው። ላይኛውን ብረት ስላወፈርን የታችኞቹ አብረው አይወፍሩም። እንዲያውም ባሌስትራው ሲደርቅ ድሮ እሱ ይውጠው የነበረው ምት በቀጥታ ሻንሲው ላይ ያርፋል። ከዚያ ሻንሲ ተሰነጠቀ፣ ይበየድ፣ እንደገና ተሰነጠቀ... ይህን ታሪክ ጋራዥ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል።

ባዶውን ሲመለስስ? ያ ለ70 ኩንታል የደረቀ ባሌስትራ ባዶ መኪና ሲይዝ አይታጠፍም። ጎማው ጉድጓድ በነካ ቁጥር ይዘላል። አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም። በዝናብ ቀን ባዶ መኪና ሸርተት ብሎ መስመር ሲስት አይታችሁ ከሆነ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ሌላ ነው። በአንዳንድ የጭነት መኪኖች ላይ በሻንሲውና በኋላው አክስል መሃል የተገጠመች ትንሽ ዘንግ ያላት ቫልቭ አለች። ሥራዋ መኪናው ምን ያህል ዝቅ እንዳለ እያየች ለኋላው ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ኃይል መመጠን ነው። ኋላው ዝቅ ካለ “ተጭኗል” ብላ ፍሬኑን ትጨምራለች፤ ከፍ ካለ “ባዶ ነው” ብላ ትቀንሳለች። አሁን ባሌስትራ ደርባችሁ መኪናውን ቀና አደረጋችሁት፣ ቫልቯን ግን ማንም አላስተካከላትም። ምን ታስባለች? ባዶ ነው! ጭነቱ ከመጠን ባለፈበት ሰዓት የኋላው ፍሬን የሚሠራው ለባዶ መኪና በተመጠነ ኃይል ይሆናል ማለት ነው። ተሳቢ የሚጎትት ከሆነ ነገሩ ይብሳልል። የፊተኛው ፍሬንና የተሳቢው ፍሬን ካልተስማሙ ቁልቁለት ላይ ኋላ ያለው የፊተኛውን መግፋት ይጀምራል።

ቁልቁለት ደግሞ አገራችን ሞልቷል። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው ቁልቁለቱ። በድምሩ 10 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀቀው ጉልበት 300 ሊትር ገደማ የቧንቧ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ጥሩ ሹፌር በከባድ ማርሽ ይዞ ከፊሉን ለሞተሩ ይሰጠዋል፤ የቀረው የፍሬን ሸራው ላይ ነው የሚያርፈው። 3 ቶን ስትጨምሩበት ሌላ ወደ 90 ሊትር ውሃ ጨመራችሁ። ሸራው ያው፣ ታምቡሩ ያው። “ፍሬን እምቢ ብሎት” የሚለውን ዜና ስንሰማ ሁሌ ሹፌሩን እንረግማለን። አይሱዙን “አልቃይዳ”፣ ሲኖትራክን “ቀይ ሽብር” ብለን የሰየምን ሰዎች ነን። ከአደጋው ግማሹ ግን መኪናው መንገድ ከመውጣቱ በፊት ጋራዥ ውስጥ ተሰናድቶ ሊሆን እንደሚችል ብዙም አናነሳም።

አሜሪካኖቹም ከዚሁ ጋር ይታገላሉ፤ የእነሱ ግን ለሽርሽር ነው። ፒክአፑ አልጋና ማድ ቤት ያለው ተጎታች ቤት ይዞ ይወጣል። ከተጎታቹ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው መጎተቻው ላይ እንዲያርፍ ይመከራል፤ ቤቱ 3,000 ኪሎ ከሆነ ከ300 እስከ 450 ኪሎ ማለት ነው። ኋላው ሲወርድ የፊት ጎማው ይቀላል፣ መሪው ይለቃል፣ መብራቱ የመጪውን መኪና ዓይን ይወጋል። ገበያው ላይ በአየር የሚነፋ ከረጢት አለ፤ ከባሌስትራው ጋር ይገጠምና መኪናው ቀጥ ይላል። ነገር ግን የሹፌሩ በር አካባቢ “ሰውና ዕቃ ተደምሮ ከዚህ ኪሎ አይለፍ” የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ከረጢቱ ስለተነፋ ያ ቁጥር ንቅንቅ አይልም። ክብደቱን ከፊሉን ወደ ፊት ጎማ የሚመልስ ልዩ መጎተቻ አለ፣ ተጎታቹም የራሱ ፍሬን ይኖረዋል። አሜሪካ ሆናችሁ ይህን የምታነቡና ፒክአፕ የገዛችሁ፣ ከከረጢቱ በፊት ወረቀቱን እዩት።

መንገዱስ? እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 ኢሊኖይ ውስጥ የተለያየ ጭነት የያዙ መኪኖችን ቀን ከሌት በማመላለስ አስፋልት ተፈትኖ ነበር። ከዚያ የወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፦ የአክስሉ ጭነት በ20 በመቶ ሲጨምር ጉዳቱ በእጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ጉድጓዱ መልሶ የማንን ባሌስትራ እንደሚሰብር መቼም አይጠፋችሁም።

ባለመኪናው ስግብግብ ስለሆነ ነው ብዬ ልጨርሰው አልፈልግም። የሚከፈለው በኩንታል ነው። መኪናው የተገዛው በባንክ ብድርና በእቁብ ብር፣ ምናልባትም ሦስት ወንድማማቾች ተዋጥተው ነው። ጎማው ተወዷል፣ ነዳጁ ተወዷል፣ ጎረቤቱ 20 ኩንታል ትርፍ ጭኖ ዋጋ ሲሰብር እሱ በልኩ ልጫን ቢል ዕቃ አያገኝም። ተቀጣሪው ሹፌርማ ጭራሽ አይጠየቅም፤ ተጭኖ ይጠብቀዋል። ስለዚህ አንዱን ሹፌር ሚዛን ላይ አቁሞ መቅጣት ብቻውን የትም አያደርስም። ከልክ በላይ ያስጫነው ነጋዴም ይጠየቅ ባይ ነኝ። ዓመታዊ ምርመራ ሲደረግም ቦሎው ከመለጠፉ በፊት አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ባሌስትራውን ይቁጠር፤ ፋብሪካው ካስቀመጠው በላይ ከሆነ ለምን ብሎ ይጠይቅ። ብረት መቁጠር ውድ መሣሪያ አይፈልግም።

ባሌስትራ አይነካ ማለቴም አይደለም። የደከመውን፣ የተሰነጠቀውን በልኩ በአዲስ መቀየር፣ ሁለቱንም ጎን እኩል ማድረግ፣ ማሰሪያ ብሎኑን ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ማጥበቅ፣ የሞተውን ሾክ መቀየር፤ ይህ ነው ማሻሻል። ኋላው የተቀመጠ መኪና ካላችሁ መጀመሪያ ከነጭነቱ ሚዛን ላይ አውጡት፣ የፊቱንና የኋላውን አክስል ለየብቻ። በልኩ ተጭኖ ከተቀመጠ ባሌስትራው ደክሟል፣ ቀይሩት። ከልኩ አልፎ ከሆነ የሚወርደው ኩንታል ነው። መካኒኩ “ግድ የለም፣ ሁለት ብረት እንደርብበታለን” ካላችሁ ያቺን ቫልቭ ማን እንደሚያስተካክላት ጠይቁት።