«አልተሾምሁም፤ አስተምራለሁ»

የዚህ ጋዜጣ አንባብያን ከሁሉ አስቀድመው የሚገልጡት የመጨረሻውን ገጽ እንደ ሆነ እናውቃለን። እኛም አዘጋጆቹ ብንሆን ወረቀቱ ከማባዣው መኪና ሲወጣ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ የምናነበው እርሱኑ ነው። «የቀድሞ ተማሪዎች ወሬ» የሚባለው ይህ ገጽ እገሌ ማስተርሱን ይዞ ተመለሰ፣ እገሊት የመምሪያ ኃላፊ ሆነች፣ እነ እገሌ ተጋቡ እያለ ይዘረዝራል። የጋብቻውን ወሬ ማንም እንዳይነካብን! የምንከራከረው ስለ ቀረው ነው።

ባለፈው ጊዜ ለቀድሞ ተማሪዎች ቅጽ አዘጋጅተን ልከን ነበር። ቅጹ ስም፣ የተመረቁበትን ዓመት፣ ተጨማሪ ዲግሪ፣ የሥራ ደረጃና የሄዱበትን የውጭ አገር ይጠይቃል። ምን ይሠራሉ ብሎ የሚጠይቅ መስመር ግን የለውም። ከተመለሱልን ቅጾች አንዱ ከስምና ከዓመተ ምሕረት በቀር ባዶ ነበር፤ «የሥራ ደረጃ» ከሚለው አጠገብ ብቻ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት «አልተሾምሁም፤ አስተምራለሁ» ይላል። እኛም የሚታተም ነገር የለውም ብለን ከተበላሸው ወረቀት ጋር ጣልነው።

ስሕተታችንን ያሳየን የማባዣውን መኪና የሚያዞርልን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነው። ወረቀቱን ከወለሉ አንሥቶ አየና «ይህማ የመምህሬ ጽሕፈት ነው!» አለ። ፊዚክስ ያስተማሩት እኒህ ሰው ናቸው። ትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ስለሌለው የካርቶን ሣጥን በመርፌ በስተው፣ በወዲያ ጎኑ ስስ ወረቀት ለጥፈው፣ ደጅ የቆመው ዛፍ ተገልብጦ በወረቀቱ ላይ ሲታይ ለተማሪዎቻቸው ያሳያሉ። ልጁ ይህን ሲነግረን ዛፉን ዛሬ ያየው ይመስል ነበር። ከዚያ ትምህርት ቤት እዚህ ግቢ የገቡትን እንዲቈጥርልን ብንጠይቀው የአንድ እጁ ጣቶች አልበቁትም። እንግዲህ እኛ «የሚታተም ነገር የለውም» ያልነው ይህን ነው።

የቅጻችን ጥፋት ለሰውዬው የተሰጠውን እንጂ ሰውዬው የሠራውን አለመጠየቁ ነው። ሹመት ሌላ ሰው የሚሰጠው፣ ሌላ ሰውም የሚወስደው ነገር ነው። አሁን የፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታን ነገር እንመልከት። በልጅነታቸው ወደ ትምህርት ቤት 20 ኪሎ ሜትር በእግር እየሄዱ፣ እሑድ ወጥተው ዓርብ ወደ ቤት ይመለሱ ነበር። ከዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ የተመረቁት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። በ1978 አሜሪካ አገር ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ተባሉ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። በእኛ ቅጽ ቢሆን ሦስት መስመር ይበቃቸዋል። ነገር ግን ከዶክተርነቱ እስከ ሽልማቱ ያለው 31 ዓመት የት ገባ? ሱዳን ውስጥ ድርቅ የሚችል ድቅል ማሽላ አውጥተው እ.ኤ.አ. በ1983 ለገበሬ የደረሰው፣ ከዚያም የማሽላን ሥር እየጠባ አዝመራውን የሚያደርቀውን አቀንጭራ የሚቋቋም ዘር ለማግኘት የደከሙት በዚያ መካከል ነው። ለገበሬው የጠቀመው ያ ሥራ ነው፤ ሽልማቱም የመጣው በእርሱ ምክንያት ነው። በዚያ መካከል ሳሉ ቅጽ ብንልክላቸው ምናልባት እርሳቸውም አዲስ ነገር የለኝም ብለው ይመልሱልን ነበር።

ይህ ልማዳችን በውጭ አገር ያሉትንም ውሸት ያስተምራቸዋል። ከዋሽንግተን የሚመጣው ወሬ ሁልጊዜ «በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» የሚል ነው። በመልካም ሁኔታ ላይ የሚገኘው ወንድማችን በኬሚስትሪ ዲግሪው ፈንታ ሌሊት ታክሲ ይነዳ እንደ ሆነ፣ ወይም የመኪና ማቆሚያ ይጠብቅ እንደ ሆነ ማን ነገረን? ታክሲ መንዳት ነውር አይደለም፤ ያሳፈረው የእኛ ገጽ ነው። ነገ እርሱን ለመከተል የሚያስብ ተማሪም ወሬውን አምኖ ይሳፈራል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ጋዜጣ ወሬ ያወራል እንጂ ቀበሌ አይደለም፣ ሁሉን መመዝገብ አይችልም» ይሉናል። ገጹ ጠባብ መሆኑ እውነት ነው፤ ስቴንሲሉም ውድ ነው። ግን ጥያቄው ማን ይግባ ነው፣ ስንት ሰው ይግባ አይደለም።

ደግሞስ ይህ ሁልጊዜ እንዲህ ነበርን? በ1957 ዓ.ም. በዚያን ጊዜው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የብሔራዊ አገልግሎት ደንብ ሲጀመር ተማሪው ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ እንዲሠራ ተደርጎ ነበር። የሚበዙትም አስተማሪ ሆነው ነው የወረዱት። ሁሉም በደስታ ሄደ አንልም። ቢሆንም ሩቅ ከተማ ማስተማር የዲግሪው ክፍል እንጂ ዕድል የጠመመበት ሰው መጣያ አልነበረም። ዛሬ በዶርሚቶሪያችን «እገሌ አስተማሪ ሆነ አሉ» ሲባል ድምፁ ዝቅ ይላል። ሰኔ ሲደርስ ብዙዎቻችን የምንመደበው ግን እዚያው ነው።

ስለዚህ ቅጹን ቀይረነዋል። «የሥራ ደረጃ» የሚለው ተሰርዞ «ባለፈው ዓመት ምን ሠሩ? ምን አቃተዎ? ከእኛ ምን ይፈልጋሉ?» የሚል ገብቶበታል። የመጀመሪያውን ቅጽ ከይቅርታ ደብዳቤ ጋር ለፊዚክስ መምህሩ እንዲያደርስልን ለዕረፍት አገሩ ለሚሄደው ልጅ ሰጥተነዋል። ልጁ ግን «እርሳቸው አይሞሉትም፤ ስለ ራሳቸው መጻፍ አይወዱም» ብሎናል። ካልሞሉት እርሱ ራሱ እንዲጽፍልን ግማሽ ገጽ አስቀርተንለታል።